ሰውን ማመን ቀብሮ፣ ብረትንስ?

የገዛነው ዕቃ ደኅና መሆኑን የምናውቅበት የየራሳችን ዘዴ አለን። አንዱ በእጁ መዘን ያደርገውና ከበድ ካለው «ይሄ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ሌላው በጥፍሩ ነካ ነካ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ሦስተኛው ገልብጦ የተሠራበትን አገር ስም ይፈልጋል። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሲፈልግ የዋለ ሰው ደግሞ ከዕቃው ይልቅ የሻጩን ፊት ማየት ይመርጣል። መቼም እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ዕቃው ዛሬ ምን እንደሚመስል ይነግሩን ይሆናል። እኛን የሚቸግረን ግን ሌላ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላስ?

ጥያቄው በወፍጮ ወይም በልብስ ስፌት መኪና ላይ ሲነሣ፣ መልሱን ብንስት የሚጎዳው ኪሳችን ነው። በሽጉጥ ላይ ሲነሣ ግን ነገሩ ይለያል። ሽጉጥ ሲተኮስ በሰው መዳፍ ውስጥ፣ ከፊቱ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ፍንዳታ ይካሄዳል። ያንን ፍንዳታ አፍኖ የሚይዘው ጥቂት ብረት ነው። ብረቱ ከከዳ የሚከዳው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። አልተኩስም ካለም የሚከዳው ባለቤቱ በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው። ስለዚህ «የፋብሪካ ዕቃ ስንት ዘመን ያገለግላል?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ አጥብቀው ሲጠይቁ የኖሩት መሣሪያ ገዥዎች ናቸው። የእነሱ ታሪክ ጦርነት ለማይወድ ሰውም ትምህርት አለውና ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ከመጀመሪያው እንነሣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአውሮፓ መጀመሪያ የተገኘው መልስ «እስቲ ይሞከር» የሚል ነበር። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ቻርተር አግኝቶ የመሣሪያ አፈሙዝ መፈተን ጀመረ። ዛሬ ቤልጅግ ውስጥ የምትገኘው ሊዬዥ በ1672፣ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ደግሞ በ1813 የየራሳቸውን የሙከራ ቤት አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። አፈሙዙ ውስጥ ከተለመደው በላይ ባሩድ ይጨመራል፣ ሰው ፈንጠር ብሎ ይቆማል፣ ይተኮሳል። ከፈነዳ ፈነዳ፤ ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። ይህ ማኅተም እስከ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ መሣሪያዎች ላይ ይታያል፤ ትልቅ ነገርም ነው። ብዙ እጅና ብዙ ዓይን አትርፏል። ነገር ግን የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው። ያ ብረት በዚያን ቀን ያን ጉልበት ቻለ፤ አለቀ። ስለ አሥር ሺኛው ተኩስ አንዳች ቃል የለውም።

ለነገሩ በዚያን ዘመን የዛሬው ጥያቄ ራሱ ገና አልተወለደም። ሽጉጥ የአንድ ባለሙያ የእጅ ሥራ ነበር። ሞላው ሲሰበር ወደ ባለሙያው ይወሰዳል፣ እሱም ለዚያች ሽጉጥ ብቻ የሚሆን ሞላ ሠርቶ፣ ሞርዶ ያስገባል። የአንዱ ሽጉጥ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። «የፋብሪካ ዕቃ» የሚለው ሐሳብ የመጣው አንዱ ዕቃ ሌላውን ይተካል ከተባለ በኋላ ነው።

የዚህ ሐሳብ አጀማመር ደግሞ ትንሽ አስቂኝ ነው። በ1798 ኢላይ ዊትኒ የተባለው አሜሪካዊ በሁለት ዓመት ውስጥ 10,000 ጠመንጃ ሠርቼ አስረክባለሁ ብሎ ከመንግሥቱ ጋር ተዋዋለ። ጊዜው እያለፈ ጠመንጃው አልመጣም። በ1801 ዊትኒ ዋሽንግተን ሄዶ ባለሥልጣናት በተሰበሰቡበት የተበታተኑ የጠመንጃ ዕቃዎች ዘረገፈና ከክምሩ ያገኘውን እያነሣ ገጣጠመ። ሁሉም በአድናቆት አፉን ከፈተ። ጊዜም ተጨመረለት፤ የመጨረሻዎቹን ጠመንጃዎች ያስረከበው በ1809 ነበር። በኋላ ዘመን የታሪክ ተመራማሪዎች የዊትኒን ጠመንጃዎች ፈታተው ሲያዩ ዕቃዎቹ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። የዋሽንግተኑ ትርዒት አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። የጥራት ታሪክ በማሳያ ዕቃ መታለል ተጀመረ ብንል ብዙም አልተጋነነም። ዛሬም ቢሆን ለማሳያ የወጣውን አይቶ መጋዘን ሙሉ የሚገዛ መሥሪያ ቤት አይጠፋም።

ቁም ነገሩ የመጣው በ1813 ነው፤ የመጣውም በሽጉጥ ነው። የኮኔቲከቱ ሲሚየን ኖርዝ 20,000 ሽጉጥ ለመሥራት ሲዋዋል፣ ከሃያው ሺህ የማንኛውም ሽጉጥ ዕቃ በማንኛውም ሌላ ሽጉጥ ላይ መግጠም አለበት የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለ ግዴታ በውል ሲያስገባ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ጥራት በባለሙያው ስም መታወቁ ቀርቶ በመለኪያ መታወቅ ጀመረ። መልካም፤ መለኪያው ግን የሚናገረው ስለ መግጠም ነው። መግጠምና መቆየት ደግሞ ይለያያሉ። ጋብቻን አይታችሁ ፍረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ሽጉጣችን እንምጣ። የአሜሪካ ጦር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፊሊፒንስ ውስጥ ሲዋጋ፣ የያዘው ሽጉጥ እየሮጠ የሚመጣን ሰው ማስቆም አቃተው። በ1904 ምርመራ ተደርጎ ጥይቱ ወፈር እንዲል ተወሰነ። ከዚያ ለዓመታት ውድድር ሆነ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የኮልት ኩባንያ ሽጉጥ፣ ሌላው የሳቬጅ ኩባንያ ሽጉጥ።

የመጨረሻው ፈተና የተካሄደው በማርች 1911 ነበር። ከእያንዳንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ይተኮሳል። መቶ ይተኮስና ለአምስት ደቂቃ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፤ ሺህ ሲሞላ ይጸዳል፣ ዘይት ይቀባል፤ እንደገና ይቀጠላል። ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ሲግል ውኃ ውስጥ ይነከር ነበር። ከዚያ የተጣመመ ጥይት አጎረሱት፤ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ቀበሩት፤ አሲድ ቀብተው አዛጉት። በመዝገቡ እንደሰፈረው ሳቬጁ 37 ጊዜ ተሰናከለ። የብራውኒንግ ሽጉጥ አንድም ጊዜ አልተሰናከለም። ማርች 29 ቀን 1911 የጦሩ ሽጉጥ እንዲሆን ተወሰነ፤ ስሙም የተወለደበት ዓመት ሆነ። እስከ 1985 ድረስም በዋና ሽጉጥነት አገለገለ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ «አየህ፣ ስድስት ሺህ ጥይት!» ተብሎ። እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ስድስት ሺው ጥይት የመሰከረው ስለ ንድፉ ነው። አንዲት በጥንቃቄ የተሠራች ሽጉጥ ይህን ሁሉ መከራ ቻለች። ከፋብሪካው በኋላ የሚወጡት ሌሎቹ ሽጉጦችስ? በተለይም ጦርነት መጥቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ አዲስ ሆኖ፣ አለቃው «ቶሎ! ቶሎ!» ሲል የሚሠሩትስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በዚያው ጦር ጠመንጃ ላይ ስለሆነ ለአንድ አፍታ ከሽጉጡ ወጣ እንበል።

የአሜሪካ ጦር ከ1903 ጀምሮ ይይዘው የነበረው የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ በውጊያም በኢላማም የተመሰገነ ነበር። በ1917 አንዳንዶቹ በተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዱ ጀመር። የሚሰበረው የመዝጊያውን ጉልበት የሚሸከመው ዋናው አካል ነው። ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ የተገኘው ብረቱን አግሎ በማጠንከሩ ሥራ ላይ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ ብረቱ በቂ ሙቀት ማግኘቱን የሚወስኑት የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ናቸው፤ የሚወስኑትም በዓይናቸው ነው። የጋለውን ብረት ቀለም አይተው «በቃው» ይላሉ። ማንም አይጠራጠራቸውም ነበር።

ታዲያ አንድ ሰው የእቶን ሙቀት መለኪያ አምጥቶ ቢለካ ጉዱ ወጣ። ፀሐይ ደምቃ በምትወጣበት ቀን የጋለ ብረት ለዓይን ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሠራተኛው «ገና ነው» ብሎ ይጨምርበታል። በደመና ቀን ደግሞ ያው ብረት ፍም መስሎ ይታየዋል። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ልዩነት በፋራናይት እስከ 300 ዲግሪ፣ በሴልሺየስ 165 ገደማ ይደርስ ነበር። በብሩህ ቀን የተሠራው ከሚገባው በላይ ተቃጥሎ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛው አልሰነፈም፣ አልሰረቀም፣ አልዋሸም። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ዓይን እንኳ ሰማዩ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ደግሞ እነዚያ ጠመንጃዎች የሙከራ ተኩሱን በሙሉ ማለፋቸው ነው። ማኅተሙ አለባቸው። የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ አሠራሩን ያስተካከለው በ1918 ከ800,000ኛው ጠመንጃ ጀምሮ ነው፤ የሮክ አይላንዱ ፋብሪካ ደግሞ ከ285,507ኛው። ከዚያ በታች ቁጥር ያላቸው የትኛው ደኅና፣ የትኛው የተቃጠለ እንደሆነ ሳይሰብሩ መለየት አልተቻለም። የጦር መሣሪያ መኮንኑ ጁልያን ሃቸር ከ1917 እስከ 1929 ድረስ 68 የተሰበሩ ጠመንጃዎችን መዝግቧል። ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ውስጥ 68! ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ መተው ይቻል ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ለዕድሳት በመጡ ቁጥር ያ አካላቸው እንዲወገድ ተወሰነ። ደኅናውም ከመጥፎው ጋር አብሮ ሄደ። አንድ የሥራ ሰዓት ያህል ማስታወሻ፣ «ዛሬ እቶኑ ይህን ያህል ሞቀ» የሚል አንድ መስመር፣ ያን ሁሉ ብረት ባዳነ ነበር።

ወደ ሽጉጡ እንመለስ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ስትገባ የኮልት ፋብሪካ ብቻውን አልቻለም። ሥራው ለሌሎች ሲሰጥ ሌላ ችግር ብቅ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕልና ኮልት የሚሠራው ሽጉጥ አይገናኙም። የኮልት ሠራተኞች በእጃቸው የሚያውቁትን በወረቀት አላሰፈሩትም ነበር። ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ ዕቃዎቹ እንዲገጥሙለት ሥዕሉን ማስተካከል ነበረበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያልያዘውን ደግሞ ከየት ያምጣ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትምህርቱ ገብቷቸዋል። ሽጉጡን የሚሠሩት በአብዛኛው ሽጉጥ ሠርተው የማያውቁ ሆኑ። ሬሚንግተን ራንድ የጽሕፈት መኪና ሠሪ ነው፤ ዩኒየን ስዊች የባቡር ሐዲድ ምልክት ሠሪ ነው፤ ሲንጀር እናቶቻችን የሚያውቁት የልብስ ስፌት መኪና ሠሪ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ያደረጋቸው የመለዋወጥ ፈተናው ነበር። ከተመረተው መካከል የተወሰኑ ሽጉጦች ይመረጣሉ፤ ብትንትናቸው ይወጣል፤ ዕቃው ይደባለቃል፤ እንደገና ይገጠማል፤ ይተኮሳል። ሬሚንግተን ራንድ በ1943 መጀመሪያ በዚህ ፈተና ወድቆ ምርቱ ለጊዜው ቆመ። አሠራሩን አስተካክሎ ተመለሰና እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከስምንት መቶ ሺህ በላይ አስረከበ፤ ከማንም የበለጠ ማለት ነው። ሲንጀር የሠራው 500 ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ሽጉጡን ተወው። ከእነዚያ አምስት መቶዎች አንዳንዱ ጨረታ ላይ ወጥቶ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ አውጥቷል። የመርፌ ቀዳዳ አስተካክሎ መሥራት የለመደ እጅ ሽጉጥ ቢሰጠው አይቸገርም።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሽጉጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገዛው በ1945 ነው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት አዲስ ሳይገዛ ያለውን እያደሰ ኖረ። የአንዱ ሽጉጥ አካል ከኮልት፣ በላዩ የሚመላለሰው ብረት ከሌላ ፋብሪካ፣ አፈሙዙ ከሦስተኛው እየሆነ አገለገለ። በ1813 ውል የተጀመረው ሐሳብ እዚህ ላይ ፍሬው ታየ። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ለልዩ ክፍሎቹ ከእነዚያ አሮጌ አካላት ደኅና ደኅናውን መርጦ፣ አዲስ አፈሙዝና አዲስ ሞላ እያስገባ እስከ ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተጠቀመባቸው። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፣ በአንድ ሽጉጥ ውስጥ ያሉት ሃምሳ ገደማ ዕቃዎች ዕድሜያቸው እኩል እንዳልሆነ ነው። አካሉ የልጅ ልጅ ያያል። ሞላው ጥቂት ሺህ ጥይት ሲተኮስ መለወጥ አለበት። ሞላ አለቀ ብሎ ፋብሪካውን መክሰስ፣ ሻማ ነደደ ብሎ ሻማ ሠሪውን እንደ መክሰስ ነው።

በጃንዋሪ 1985 አዲስ ሽጉጥ ተመረጠ፤ የጣሊያኑ ቤሬታ። ኩባንያው ከ1526 ጀምሮ አፈሙዝ ሲሠራ የኖረ ነው። ውድድሩን አሸንፏል፤ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ታዘዘ። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1987 የባሕር ኃይሉ ልዩ ኮማንዶዎች ሲለማመዱ በሽጉጡ ላይ የሚመላለሰው ብረት፣ ባለሙያዎቹ ስላይድ የሚሉት፣ ለሁለት ተሰብሮ የኋላው ቁራጭ ተስፈንጥሮ የተኳሹን ፊት መታ። ሌሎችም ተከተሉ። የኮንግረሱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1988 ጉዳዩን ሲመረምር በልምምድና በቤተ ሙከራ የተሰበሩት በድምሩ 14 ደርሰው ነበር። ለእኛ አያቶች የጣሊያን ብረት ቀልድ አልነበረም። እነዚያ ኮማንዶዎች ግን የጣሊያን ብረት ያልበላ ኮማንዶ አይባልም እያሉ ይቀልዱ ነበር ይባላል። ፊቱ የተሰፋ ሰው ምን ያድርግ፣ ይሳቅ እንጂ!

ከዚያ የተከተለው ክርክር ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የታወቀ ነው። ጦሩ «ብረትህ ነው» አለ። ከጣሊያን የመጡት ስላይዶች ብረት ስብራትን የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው ተባለ። ብረቱን ለመቁረጥና ለመቦርቦር እንዲቀል የሚጨመረው ቴሉሪየም የተባለ ንጥረ ነገር ስሙ ተነሣ። ለፋብሪካው ሥራውን ያቀለለለት ነገር ለተኳሹ ብረቱን አደከመበት ማለት ነው። ኩባንያው በበኩሉ «ጥይታችሁ ነው» አለ። ባሕር ኃይሉ የተኮሰው ጥይት ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤትም ሄደ። ሁለቱም ወገን የያዘው ማስረጃ ነበረው።

ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ወታደሩ መለማመድ አለበት። ጦሩ ስላይዱ በየ1,000 ጥይቱ እንዲለወጥ አዘዘ። ብዙ ወጪ ነው፤ ሆኖም የብረቱን ዕድሜ የማያውቅ ሰው ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ ከሁሉም ያስደስተኛል። የመምቻውን ፒን ራስ ሰፋ አደረጉትና ስላይዱ ላይ አንድ ቦይ ቀደዱለት። ብረቱ ቢሰበር እንኳ ቁራጩ በፒኑ ተይዞ ይቀራል፤ ወደ ፊት አይስፈነጠርም። «ከእንግዲህ አይሰበርም» ብለው አልማሉም። «ቢሰበርስ?» ብለው ጠየቁና ለዚያ ተዘጋጁ። በ1989 በተደረገው ዳግም ውድድር ያው ቤሬታ አሸነፈ፤ ተተኪው እስከ ተመረጠበት እስከ 2017 ድረስም የጦሩ ዋና ሽጉጥ ሆኖ ቆየ።

የተተኪው ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በጃንዋሪ 2017 የሲግ ሳወር ኩባንያ ሽጉጥ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ኦገስት፣ በገበያ ላይ ያለው የዚሁ ሽጉጥ ወንድም ከእጅ ወድቆ በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ ከመሬት ሲጋጭ ቃታው ሳይሳብ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀ። ኩባንያው ሽጉጦቹን ተቀብሎ በነጻ አሻሽላለሁ አለ። የሚገርመው ሽጉጡ የተለመደውን የመውደቅ ፈተና አልፎ የነበረ መሆኑ ነው። በዚያ ማዕዘን ወድቆ እንዲታይ ግን ፈተናው አልጠየቀም። ፈተና የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ተማሪም መሣሪያም በዚህ ይመሳሰላሉ።

በዘመናችን ክርክሩ ወደ ሌላ ነገር ዞሯል። ድሮ መምቻውና ቃታው ከተቀጠቀጠ ብረት ተፈልፍለው ይሠሩ ነበር። አሁን ብዙ ፋብሪካዎች የብረት ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር እንደ ሊጥ አቡክተው ቅርጽ ውስጥ ይጨምቁታል፤ ከዚያ እቶን ውስጥ ይጋገራል። ዳቦ ሲጋገር ይነፋል፤ ይሄኛው አንድ አምስተኛ ያህል ይኮማተራል። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የሚያያዝበት ትንሽ ብረት ሳይቀር በዚህ መንገድ ይሠራል። በደንብ ከተሠራ አገልግሎቱ መልካም ነው። በደንብ ካልተሠራ ግን ውስጡ ዓይን የማያየው ክፍተት ይኖራል። እየታጠፈ እየተመለሰ ለሚሠራ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቀለሁን ጎትቶ ለሚያወጣው ጥፍር፣ የተቀጠቀጠው ብረት ይሻላል የሚሉት ባለሙያዎች በቂ ምክንያት አላቸው።

መሐንዲሶች የዕቃን ብልሽት በሦስት ዕድሜ ይከፍሉታል። መጀመሪያ ላይ ከአሠራሩ ጉድለት ያለበት ቶሎ ይሰበራል። ከዚያ ረጅም የሰላም ዘመን ይመጣል። በመጨረሻ እርጅና ይመጣና ሁሉም በየተራው ይሄዳል። ዐዋቂ ሰው አዲስ ሽጉጥ ሲገዛ ጥቂት መቶ ጥይት ሳይተኩስበት የማያምነው ለዚህ ነው፤ ጉድለቱ ካለ በልጅነቱ ይታያል። ያ ካለፈ በኋላ ደግሞ የተኮሰውን እየቆጠረ የእርጅናውን ጊዜ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ «የድሮ ብረት!» የሚል ሰው አይጠፋም። በእኛም አገር የምናውቀው ነው። መሣሪያውን በሠሪው ስም እየጠራን ኖረናል። ስናይደሩን ሰናድር፣ የፈረንሳዩን ግራ ውጅግራ፣ ማንሊኸሩን ምንሽር፣ ለበሉን ለበን አልነው። አውሮፓ ጊዜው አልፎበታል ብላ የጣለችው ጠመንጃ እዚህ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ አገለገለ። ይህን አይቶ «የዱሮዎቹ እንዴት ያለ ብረት ይሠሩ ነበር!» ማለት ያጓጓል። ግን እኮ ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምናየው የተረፈው ነው። በልጅነቱ የተሰበረው፣ የዛገው፣ የፈነዳው መጥቶ አይመሰክርም። ስፕሪንግፊልድም የድሮ ብረት ነበር። የቤቱን ሽማግሌ አይቶ በዚያ ዘመን ማንም በሕፃንነቱ አይሞትም ነበር እንደ ማለት ነው።

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ አባቶች። ብረትንም በእርግጠኝነት የምናውቀው ተሰብሮ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማወቁ አይጠቅምም። እስከዚያው የምናምነው ምንድነው? ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀው ይህ ታሪክ የሚያሳየን፣ አስተማማኝ ሽጉጥ የተገኘው ሠሪውም ገዥውም በመዘገቡበት ቦታ እንደሆነ ነው። እቶኑ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ስንት እንደተኮሰ፣ የትኛው በስንተኛው እንደተሰበረ የጻፈ አለ? የተሰበረው ሲመጣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተብሎ ነው የሚመለሰው ወይስ ይቆጠራል? በየ1,000 ጥይቱ ይለወጥ የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ፣ ወጪውንም የሚችል አለ?

እነዚህ ጥያቄዎች ከሽጉጥ ውጪም ይሠራሉ። ድልድይ ሲረከብ ሪባን የሚቆርጥ ሰው፣ ትራንስፎርመር የሚገዛ ኮሚቴ፣ ለአሳንሰር ቴክኒሻን የሚከፍል የሕንፃ ባለቤት ሁሉ ከ1911ዱ መኮንኖች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ፊታቸው ያለው ዕቃ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ፈተናውንም አልፏል። የማይታየው ደግሞ የተሠራበት ቀን ፀሐይ ነበር ወይስ ደመና የሚለው ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው» ሲላችሁ መልካም፣ ደስ ይበላችሁ። ግን አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁት፦ «ከሸጥከው ውስጥ ተበላሽቶ የተመለሰልህ ስንት ነው?» በሉት። ቁጥሩን የሚያውቅ ነጋዴ ካገኛችሁ፣ ቁጥሩ ዜሮ ባይሆንም እንኳ፣ ከእሱ ግዙ።